ታስሮ የታመመ፣ ታምሞ የታሰረ

በአማርኛ ሕመምተኛም ይጠየቃል፣ እስረኛም ይጠየቃል። ሆስፒታል ለተኛ ብርቱካን ይዘን፣ ለታሰረ ስንቅ ቋጥረን «ልጠይቀው ሄጄ ነው» እንላለን። የሚሄደው ሰው ጠያቂ ይባላል። ቃሉ ሌላ ፊትም አለው። «ለምን?» ብሎ የሚሞግትም ጠያቂ ነው። እኛ አገር ሁለቱም ሥራ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ስንቅ የሚያደርሰው ሰው ነው ጉዳዩንም የሚከታተለው። ፋይሉ የት ደረሰ፣ ቀጠሮው መቼ ነው፣ ለምን ሐኪም አላየውም የሚለው እሱ ነው። ጠያቂ የሌለው እስረኛ የሚቀርበት ምግብ ብቻ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ታስሮብኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እመላለስ ነበር። ማረሚያ ቤቱ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሰልፉ ላይ ሁሌ የማገኛቸው አንዲት እናት ነበሩ። በአንድ እጃቸው ፔርሙስ፣ በሌላው ምሳ ዕቃ በፌስታል። ልጃቸው ከመታሰሩ በፊት አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ይታከም ነበር። አንድ ቀን ባዶ ምሳ ዕቃ ይዘው መመለስ ሲገባቸው ምግቡን እንደያዙ ሲመለሱ አገኘኋቸው። «ስሙን ሲጠሩት አቤት አይልም። የለም ብለው ይመልሱኛል። አለ እኮ ልጄ፣ ዝም ብሎ ነው» አሉኝ።

ስለ እስረኞች መብት የሚጽፍ አለ። ስለ አእምሮ ሕመምተኞች የሚናገርም አለ። የዚህች እናት ልጅ ግን የሁለቱም ነው፤ ወይም የማንም አይደለም። እስረኛ ሲባል «እሱ እኮ ታማሚ ነው» ይባላል፣ ታማሚ ሲባል «እሱ እኮ ወንጀለኛ ነው»። እኔ ማውራት የፈለግሁት መሐል ላይ ስለቀረው ሰው ነው።

መጀመሪያ እንዴት እዚያ ይደርሳል? መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ መንገድ ላይ ድንጋይ ወርውሮ የመኪና መስታወት ይሰብራል። ሌላው የማያውቀው ሰው ግቢ ገብቶ አልወጣም ይላል። አንዳንዱን ደግሞ ራሱ ቤተሰቡ ነው የሚያሳስረው። መስማቱ ያሳዝናል፣ ግን ለመፍረድ አልቸኩልም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያላየች እህት፣ ወንድሟ ቢላ ይዞ በረንዳ ላይ ሲንጎራደድ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማንን ትጥራ? በብዙ ከተሞቻችን በዚያ ሰዓት መጥቶ ሰው የሚይዝላት ፖሊስ ብቻ ነው። ፖሊስ ደግሞ ያለው ቤት አንድ ነው። ከባዱም አለ። ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ሰው የገደለ አለ። ተጎጂው ብዙ ጊዜ እናት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ይሆናል። በዚያች ቀን ይህ ሰው የገደለው ሊጠይቀው ይመጣ የነበረውን ሰው ነው።

ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ውስጥ የሚታመምም አለ። በሰሜን ምዕራብ አማራ ክልል ማረሚያ ቤቶች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 43.8 በመቶ በሚሆኑት ታራሚዎች ላይ የድብርት ምልክት አግኝቷል። ከአሥሩ አራቱ ማለት ነው። ደግሞስ ምን ይገርማል? ሰው በሰው ላይ የሚተኛበት ክፍል፣ ሲመላለስ የሚከርም ቀጠሮ፣ ውጭ የቀሩ ልጆች። የድሮው ከርቸሌ ውስጥ አንዱ ክፍል «ዓለም በቃኝ» ነበር ስሙ። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬ የቆመው በዚያ ግቢ ላይ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው የሕክምና መጽሐፍ ሳያይ ምልክቱን በሁለት ቃል ጽፎታል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ወረቀቱ ላይ ያለው መጥፎ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ተረድቶም ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል አይጠየቅም ይላል። አንቀጽ 49 ችሎታው በከፊል ለተዛባበት ሰው ቅጣት የሚቀንስበትን መንገድ ያስቀምጣል። አንቀጽ 51 ደግሞ ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ምልክት ካሳየ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ ያዛል። ልብ በሉ፣ ግዴታው የፍርድ ቤቱ ነው። የተከሳሹ ወይም የእናቱ አይደለም።

በተግባር ግን ምልክቱን የሚያየው ማነው? ዳኛው በአንድ ጠዋት ብዙ መዝገብ ያያል። ተከሳሹ ችሎት ፊት የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ጮሆ ልብሱን ካልቀደደ በቀር ማንም አያስተውለውም። ከባድ ድብርት ያለበት ሰው ደግሞ አይጮህም። አንገቱን ደፍቶ «አዎ፣ ፈጽሜያለሁ» ይላል። ችሎቱ ይህን ጸጸት ብሎ ሊረዳው ይችላል። መንግሥት የሚያቆምለት ተከላካይ ጠበቃ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እዚያው ችሎቱ በር ላይ ነው። ተከሳሹ ራሱም ሕመሙን ይደብቃል፤ እብድ ከመባል ሌባ መባል የሚሻለው ሰው ብዙ ነው። ሕጉ «አይጠየቅም» ይላል፣ እውነትም ማንም አልጠየቀውም።

እዚህ ጋ የሚነሳ ቅሬታ አለ፣ ተገቢም ነው። «አብጃለሁ ብሎ ሊያመልጥ ነው» ይላሉ የተጎጂ ቤተሰቦች። ልጁን ያጣ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን ሕጉ ማንንም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሸኝም። አደገኛ ሆኖ የተገኘ ሰው ተስማሚ በሆነ የሕክምና ተቋም እንዲቆይ ፍርድ ቤት ያዛል። የቆይታው ጊዜ አስቀድሞ አይወሰንም። በየ2 ዓመቱ ውሳኔው እንደገና መታየት አለበት፣ ምክንያቱ ሲጠፋም ያበቃል። የ5 ዓመት ፍርደኛ መውጫ ቀኑን ያውቃል። በዚህ መንገድ የገባ ሰው አያውቅም። ከቅጣት ያመለጠ የሚመስለው ሰው ከተቀጣው በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በተለይ የ2 ዓመቱን ቀን ቆጥሮ «ደርሷል» የሚል ሰው ከሌለው።

«ተስማሚ የሕክምና ተቋም» ሲባል ደግሞ ለረጅም ዘመን አንድ ቦታ ማለት ነበር። አማኑኤል። መርካቶ አጠገብ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ገደማ የተቋቋመው ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የመላ አገሪቱን ሕመም ተሸክሟል። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ስድብ አድርገነዋል፤ «ከአማኑኤል አምልጦ ነው እንዴ?» እንላለን። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያኔ በአገሪቱ የነበሩት ስፔሻሊስቶች ከደርዘን አይበልጡም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የሥነ አእምሮ ነርሶች በክልል ሆስፒታሎች አሉ፣ ጅማና ጎንደርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ያሠለጥናሉ።

የፍርድ ቤት ምርመራ ግን ሌላ ነገር ነው። ፎረንሲክ የሚባለው ክፍል አልጋው ውስን ነው፣ ተረኛው ብዙ ነው። ተከሳሹን የሚያጅቡ ፖሊሶች ያስፈልጋሉ፣ መኪና ያስፈልጋል፣ ከሩቅ ክልል ከሆነ አበልም አለ። ትዕዛዙ ወጥቶ ሰውየው እዚያው እስር ቤት ተራ ይጠብቃል። ሕመሙ ግን ተራ አይጠብቅም። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ጥያቄው «ያን ቀን አእምሮው እንዴት ነበር?» የሚል ነው። ጊዜው በሄደ ቁጥር ይህን መመለስ እየከበደ ይሄዳል።

ውስጥ ያለውን ኑሮ ከጠየቃችሁ፣ ብዙ ጊዜ የታመመውን የሚያስታምመው ሌላ እስረኛ ነው። ይህን ከዘመዴም ሰምቻለሁ፣ ከሌሎችም። ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ የሆነው እስረኛ፣ አንድ ልጅ ይመድብለታል። ያበላዋል፣ ያጥበዋል፣ ሌሊት ሲነሳ አብሮት ይነሳል። ደመወዝ የሌለው አስታማሚ። በሌላ ክፍል ደግሞ ሊደበደብ ይችላል፤ 60 ሰው እንቅልፍ የነሳ ሰው ሁሌ በፍቅር አይታይም። ጥፋት ተብሎ ለብቻ ቢዘጋበት ደግሞ ይብስበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች እንዲህ ዓይነቱን ሰው ለብቻ መዝጋት ሕመሙን የሚያባብስ ከሆነ ይከለክላሉ። ደንብ 109 ከዚያም አልፎ በወንጀል ኃላፊ ያልሆነ ወይም በጽኑ የአእምሮ ሕመም የተያዘ፣ እስር ቤት መቆየቱም የሚያብስበት ሰው መጀመሪያውኑ እስር ቤት መቀመጥ የለበትም ይላል። 27 ዓመት የታሰረ ሰው ስም የተሰጣቸው ደንቦች ናቸውና እስር ቤት ምን እንደሆነ አያውቁም አይባልም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የአመክሮ ነገር ነው። ሕጉ የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ፣ ጠባዩን ያሻሻለ ታራሚ በአመክሮ እንዲወጣ ይፈቅዳል። መልካም ሐሳብ ነው። ግን ጠባይ እንዴት ይለካል? ትዕዛዝ በማክበር፣ በሥራ፣ ከሰው ጋር በመስማማት። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበትና መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው እነዚህን ሦስቱንም አያሟላም። ቆጠራ ላይ አይሰለፍም፣ እንጨት ሥራው ላይ አይገኝም፣ ድምፅ እየሰማ ከጎረቤቱ ይጣላል። ፋይሉ ላይ «የሥነ ምግባር ጉድለት» ይጻፋል። የጻፈው ሰው አልዋሸም፣ ግን የጻፈው የሕመም ምልክት ነው። ይቅርታም እንደዚያው፤ ማመልከቻ ይፈልጋል፣ ማመልከቻ ደግሞ የሚጽፍ እጅና የሚያስተካክል ሐሳብ ይፈልጋል። እናም አንድ ዓይነት ጥፋት ያጠፉ፣ አንድ ዓይነት ፍርድ ያገኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ጤነኛ ስለሆነ ቀድሞ ይወጣል። በየትኛውም አንቀጽ ላይ «የታመመ ይቆይ» የሚል አልተጻፈም። ድምሩ ግን ያንን ነው የሚሰጠው።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። ወንጀል የሚባል ነገር ሳይኖር የታሰረም አለ፤ ቤቱ ውስጥ፣ በሰንሰለት፣ በገዛ ዘመዱ። ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ ላይ ተመራማሪዎች ይህን በቅርበት አጥንተውታል። ያገኙት ጨካኝ ቤተሰብ አይደለም። ሕክምና የራቀው፣ መድኃኒት መግዣ የቸገረው፣ ልጁ ገደል እንዳይገባ ወይም ሰው እንዳይጎዳ የፈራ ቤተሰብ ነው። ስለ አገራችን የአእምሮ ጤና የሚጻፉ ሰነዶች ደጋግመው የሚያነሱት አኃዝ አለ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለበት ሰው ዘመናዊ ሕክምና የሚያገኘው ከ10 በመቶ በታች ነው። ለቀሪው ሰንሰለቱ የመድኃኒት ምትክ ነው።

ሕጋችን ይህን ሰንሰለት እንዴት እንደሚያየው ታውቃላችሁ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «እብደቱ በግልጽ የታወቀ» ሰው የሚለው አለ። አንዱ ሆስፒታል ወይም የሕሙማን ተቋም ውስጥ የተቀመጠ ነው። ሌላው፣ ከ2,000 ሰው በታች በሚኖርበት ቦታ፣ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት የሚጠብቁትና እንቅስቃሴውን የገደቡበት ሰው ነው። ስታነቡት ደጋግማችሁ አንብቡት። መታሰሩ ራሱ የእብደቱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈርመው ውል፣ የሚሸጠው መሬት ሊፈርስ ይችላል። ዓላማው ሰውየውን ከአታላይ ገዢ መከላከል ነበር፣ ያ ይገባኛል። ግን ያሰረውን ሰው «ለምን አሰርክ? በማን ፈቃድ? እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ አንቀጽ ላይ የለም። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቅርቡ የሚል ሕገ መንግሥት ያለን ሰዎች፣ ለታመመው ወንድማችን ሰዓት አልቆጠርንለትም። በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ተቀብለናል። ስምምነቱ የአእምሮ ጉዳት ያለበትን ሰውም ያጠቃልላል፣ በሕግ ፊት እንደ ሙሉ ሰው ይቆማል ይላል። ሁለቱ ሕጎች አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አይተዋወቁም።

ጸበሉን ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ብዙ ሰው ከሐኪም በፊት ጸበል ይሄዳል፣ ከሐኪም በኋላም ይሄዳል። ይህን መናቅ ማንንም አላዳነም። የኤች አይ ቪን ነገር አስታውሱ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ ብለው መናገራቸው መድኃኒቱን ጥሎ ጸበል ለገባ ሰው የመመለሻ መንገድ ከፍቷል። ለአእምሮ ሕመምም ያው ነገር ይሠራል። ክርክሩ ጸበል ወይስ ኪኒን አይደለም። ጸበል ቦታ ላይ ታስሮ የተቀመጠው ሰው ፈቅዶ ነው ወይ? በቃኝ ብሎ መሄድ ይችላል ወይ? ይህን መጠየቅ ሃይማኖትን መንካት አይደለም።

ሆስፒታል ገብቶም እስረኛ የሚሆን አለ። ድኗል፣ ውጣ ተብሏል፣ የሚወስደው የለም። ቤተሰቡ ሲያስገባው የሰጠው ስልክ አይሠራም። አድራሻው ሲፈለግ የተባለው ቤት የለም። በሙያው ያሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ደጋግመው ይነግሯችኋል። በር አልተቆለፈበትም፣ ግን የሚሄድበት የለውም።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች መቆም ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ትልቅ ሕንፃ አልጠይቅም። ሲመሽ የሚጀመር የስብሰባ አዳራሽ ንግግርም አልጠይቅም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በተሻሻለው አዋጁ ቁጥር 1224/2012 ማንኛውንም ማቆያና ማረሚያ ቤት ሳያስታውቅ ሄዶ የማየት ሥልጣን አለው። ሲሄድ ምግቡንና መኝታውን ያያል፣ ደግ ነው። አንድ ዝርዝርም ይጠይቅ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ስንት ናቸው? ከእነሱ የምርመራ ትዕዛዝ ወጥቶላቸው ተራ የሚጠብቁት መቼ ነው ትዕዛዙ የወጣው? አመክሮ የተከለከሉት በምን ምክንያት ነው? ዝርዝሩ ከሌለ «የለም» የሚለውም ግኝት ነው።

ማረሚያ ቤቶቹ ክሊኒክ አላቸው። እዚያ አንድ የሥነ አእምሮ ነርስ መመደብ ስፔሻሊስት ሐኪም ከመቅጠር በብዙ ይቀላል። በወር አንዴ የሚወጋ መድኃኒት አለ፣ ፍሉፌናዚን ይባላል፣ አገር ውስጥ ለዓመታት ስንጠቀምበት የኖርነው ነው። በየቀኑ ኪኒን መዋጥ ለማይሆንለት ሰው፣ ፈቅዶ እስከወሰደውና የጎንዮሽ ጉዳቱን የሚከታተል ባለሙያ እስካለ ድረስ፣ እስር ቤት ውስጥም ሊሰጥ ይችላል። የአእምሮ ጤና ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበርም አለ። ሕመሙን ያለፉበት ሰዎች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ መስማት እኔ እዚህ ከምጽፈው ይበልጣል፤ መመሪያ ሲረቀቅ መጀመሪያ መጠራት ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ዘመድ የታሰረበት ሰው ደግሞ ዛሬውኑ የሚያደርገው ነገር አለ። ታክሞ የሚያውቅ ከሆነ የሕክምና ካርዱን ወይም ማዘዣውን ኮፒ አድርጋችሁ ለመርማሪው ስጡ፣ ለተከላካይ ጠበቃው ስጡ፣ ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ስጡ። ማፈር ይኖራል፣ አውቃለሁ። ለዳኛ «ወንድሜ የአእምሮ ሕመም አለበት» ማለት በሰው ፊት ቀላል አይደለም። ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር በጊዜ ካልተባለች በኋላ ይግባኝ ላይ ለማስገባት ዓመታት ትፈጃለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛ እነማን እንዲጎበኙት መብት እንዳለው ይዘረዝራል። የትዳር ጓደኛ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ወዳጅ አለ፣ የሃይማኖት አማካሪና የሕግ አማካሪ አለ። ሐኪምም አለ። ሐኪም ጠያቂ ነው፣ በሕገ መንግሥት።

ዘመዴ ሊፈታ አካባቢ እኚያን እናት ለመጨረሻ ጊዜ አገኘኋቸው። ምሳ ዕቃው ባዶ ነበር። «ዛሬ ወሰዱልኝ» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። እንዴት ሆኖ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አጠገቡ የሚተኛ አንድ ልጅ አለ አሉ፣ የጎጃም ልጅ። የልጃቸውን ስም ሲጠሩ አሁን ያ የጎጃም ልጅ ነው «አቤት» የሚልለት። እጁን ይዞ ወደ በሩ ያመጣዋል።

«ኪኒኑስ?» አልኳቸው።

ፌስታሉን ከፍተው አሳዩኝ። እዚያው ነበር፣ ከነማዘዣው።